የውኃ ቀጂዎች መንግሥት

ገና መንግሥት ያልሆነ ሰው፣ «ከዛሬ ጀምሮ መንግሥት እኛ ነን» ለማለት ፈቃዱን ከማን ይቀበላል? ይህን ጥያቄ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ በታሪክ ትምህርት ላይ እጄን አውጥቼ ጠየቅሁ። መምህሩ ጥቂት አሰበና «ደወሉ ሊደወል ነው» አለኝ። ደወሉ ከተደወለ ስንት ዘመን ሆነው፤ እኔ መልሱን አሁንም አላገኘሁትም። ብዙ መጻሕፍት አገላብጬበታለሁ። አንዱ ከእግዚአብሔር ነው ይላል፤ አንዱ ከሕዝብ ነው ይላል፤ ሌላው ጠመንጃ ከያዘው ነው ይልና ያርፈዋል። ከሕዝብ ነው የሚለው ይበልጥ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ሕዝቡ ተሰብስቦ «ሕዝብ ማለት እኛ ነን» ከማለቱ በፊት ስብሰባውን ማን ከፈተው? እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ ወደ ውጭ አያለሁ።

ሰሞኑን ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የሸራ ሽታ ነው። በጎረቤት ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ ዝናብ ጣለና የእድራችን ድንኳን ራሰ። የራሰ ሸራ ሽታ፣ የተረገጠ ሣር ሽታና ከጓሮ የሚመጣው የንፍሮ እንፋሎት ተደባልቀው አፍንጫዬን ሞሉት። አጠገቤ የነበሩት ወጣቶች ፊታቸውን አጨፈገጉ፤ አንዷም በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ያዘች። እኔ ግን ደጋግሜ ሳብሁት። ይህ ሽታ ለእኔ እንደ ሰንደቅ ዓላማ ነው ብል ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ያኔ ደብረ ታቦር ከዳር እስከ ዳር በእግር የምትዳረስ ከተማ ነበረች። ከጉና የሚወርደው ነፋስ ከሰዓት በኋላ ይነሣና አቧራውን እያባረረ እስከ ገበያው ይዘልቃል፤ ሴቱ ሁሉ ጉርዱን በሁለት እጁ ይዞ ይቆምለታል። ከገሳይ ድንች ጭኖ የሚመጣ መኪና ሲያልፍ ልጆች ከኋላው ይሮጣሉ። ከአንበሳሜ የመጡ የበርበሬ ነጋዴዎች ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ያስነጥሳሉ፤ ገዢውም «ይማርህ» እየተባባለ አብሮ ያስነጥሳል። በመኪና ማቆሚያው ማዕዘን ያለችው ሻይ ቤት በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ነበራት። ካሴቷ አንድ ብቻ ስለነበረች ዘፈኑን ሁላችንም ከነጉድለቱ በቃላችን እናውቀዋለን። ዘፋኙ «ሆዴ» ሊል ሲጀምር ክሩ ይያዝና «ሆ፣ ሆ፣ ሆ» እያለ ይቆያል፤ ዛሬ ያንኑ ዘፈን በጥሩ መሣሪያ ስሰማው የሆነ ነገር የቆረጡበት ይመስለኛል። ሻይ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ዳቦ አሥራ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ዳቦው ግን የሰው ፊት ያህላል። ጎበዝ ነኝ የሚል ወጣት ከታች የሰፋ የቴትሮን ሱሪ ይለብሳል። ሴቶቹ የናይለን ሻሽ ነበረን፤ ከግንባር ገፋ አድርጎ ማሰር የከተሜ ምልክት ነው፤ እኔ እስከ ቅንድቤ ነበር የማስረው። መንግሥት ተለውጦ ነበር፣ ወይም ሊለወጥ ነበር። በራዲዮ ማርሽ ይበዛ እንደነበር ብቻ አስታውሳለሁ።

ትምህርት ቤት የገባሁት ባል አግብቼ ከፈታሁ በኋላ ነው። ከገጠር ጓዜን ይዤ ስመለስ ያሳደጉኝ አክስቴ እማማ ትርንጎ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩኝም። በማግሥቱ ጠዋት እጄን ይዘው ትምህርት ቤት ወሰዱኝና ለዳይሬክተሩ «ይህችን ጻፍልኝ» አሉት። ዕድሜዋ አልፏል ቢላቸው «ዕድሜዋን ጻፍ መች አልሁህ? እሷን ነው» ብለው አፉን አስያዙት። እንዲህ ሆኜ፣ ጉልበቴ ከጠረጴዛው እየተጋጨ፣ ከልጆች መሃል እንደ ጅራፍ ዘንግ ቆሜ፣ ስምንተኛ ክፍል ደረስሁ። የታሪክ መምህራችን ይስማው በዕድሜ ያንሰኛል። ስም ሲጠራ «እትዬ አትጠገብ» ይለኝ ስለነበር ክፍሉ በየጠዋቱ አንድ ጊዜ ይስቃል። እኔም ለምጄው፣ ሳቁ አንድ ቀን እንኳ ቢቀር ቅር ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ይስማው በጥቁር ሰሌዳው ቀኝ ጥግ ትንሽ ደሴት፣ በመሃል ሰፊ ባሕር፣ በግራ ረጅም የባሕር ዳርቻ ሣለ። ደሴቱ ላይ የእንግሊዝ ንጉሥ ተቀምጧል፤ ዳርቻው ላይ አሥራ ሦስት ቅኝ ግዛቶች አሉ። ግብር ይከፍላሉ፤ ሕግ በሚወጣበት ሸንጎ ግን ስለ እነሱ የሚናገር አንድ ሰው የላቸውም። መጀመሪያ ለመኑ። ልመናው አልሰማ ሲላቸው በደላቸውን አንድ በአንድ ቆጥረው ለዓለም ሁሉ ተናገሩና፣ «ስለዚህ ከእንግዲህ የአንተ አይደለንም» አሉት። ከኋላ አንድ ልጅ ንጉሡ ምን አለ ብሎ ጠየቀ። «ንጉሥ ምን ይላል? ጦር ላከ» አለ ይስማው። ያንን ጥያቄዬን የጠየቅሁት ያኔ ነው። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ በሰሌዳው ላይ ያለው ደሴት የትኛው ሰፈር እንደሚመስል አላሰብሁትም። ሰው በመጽሐፍ ያነበበውን በገዛ ደጁ ለማየት ጊዜ ይፈጅበታል።

ያኔ የላይኛውም የታችኛውም ሰፈር እድር አንድ ነበር። ላይኛው ሰፈር በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ያለው ባለ ቆርቆሮው ነው። ታችኛው እኛ ነን፤ ወንዝ ዳር፣ ጥድ ሥርና ልብስ ሰፊ ሰፈር። መዋጮው እኩል ነው። ስብሰባ ላይ ግን የላይኛው ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ የታችኛው ከኋላ ሣር ላይ ይቀመጣል። ቃል የሚወጣው ከአግዳሚው ነው። ሥራው ደግሞ ወደ ሣሩ ይወርዳል፤ በማንኛውም ለቅሶ ውኃ የሚቀዱት፣ እንጨት የሚሸከሙት፣ ንፍሮውን የሚቀቅሉት የኛ ሴቶች ናቸው። ይህን ማን ደነገገው ብትሉ ማንም አልደነገገውም። «ድሮም እንዲህ ነው» ይባላል፤ እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ከሁሉ የምጠላው ሕግ ይህ ያልተጻፈው ነው፤ ተሳስተሃል ብለህ ጣትህን የምታሳርፍበት መሥመር የለውም። እማማ ትርንጎ በዚህ ሕግ ነው ያረጁት። እንስራቸውን አዝለው ከወንዝ ዳር ወደ ላይኛው ሰፈር ስንት አቀበት እንደወጡ እግዜር ይወቀው፤ አንድም ቀን ግን ከድንኳኑ ሥር ተቀምጠው አላየኋቸውም። ውኃውን ገልብጠው ይመለሳሉ።

እማማ በበልጉ ዝናብ ሞቱ። በዚያው ዕለት ላይኛው ሰፈር ውስጥ አንድ ባለጠጋ አረፉ። እድሩ ሁለት ድንኳን ነበረው፤ ከጎንደር ብዙ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ሁለቱም ለባለጠጋው ተተከሉ። እኛ የእማማን ለቅሶ በደጃቸው፣ በካፊያ ተቀመጥን። ፀጉሬን ፈትቼ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ውኃው በአንገቴ ሲወርድ፣ ከሐዘኔ በላይ ንዴቴ ነበር የሚያንቀጠቅጠኝ። ከሰዓት በኋላ የእድሩ ዳኛ አያ መኩሪያ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ጥላ ይዘው ሊያስተዛዝኑ መጡ። ጥላውን እንኳ አላጠፉትም። ጎረቤቴ ይታይሽ፣ በገበያ ጌሾ የምትሸጠው፣ በአካባቢያችን የታወቀች አልቃሽ ነበረች። ልቅሶን በግጥም ማውጣት የሴት ነው፤ በሙሾ የተባለ ነገር ደግሞ ዳኛ አያቆመውም፣ አይቀጣበትም፤ አገሬው ይህን ያውቃል። ይታይሽ ተነሣችና ደረቷን መትታ፣ ጥላውን ፊት ለፊት እያየች እንዲህ አለች፤

ለላይኛው ሰፈር ውኃ ስመላለስ፣
ሰማይ ጣራ ሆነኝ የኔ ቤት ሲለቀስ።

ለቀስተኛው ተቀበላት። ቀጠለች፤ ስለ እንጨቱ አለች፣ ስለ ሣሩ አለች፣ ስለ አግዳሚው አለች፤ ለእያንዳንዱ በደል አንድ ሁለት ስንኝ። አያ መኩሪያ ጥላቸውን አጠፉ። ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ፤ መሬት መሬት እያዩ ራሳቸው ላይ ዘነበባቸው። እኔ ደግሞ በእንባዬ መሃል የይስማው ሰሌዳ ታየኝ። በደልን አንድ በአንድ ቆጥሮ በሰው ሁሉ ፊት መናገር ማለት ይህ ነው፤ እነዚያ በወረቀት አደረጉት፣ እኛ በሙሾ። የኛን ለመቀደድ አይመችም።

ከሰልስቱ በኋላ በነበረው እሑድ የሦስቱ መንደር ሰው ከላይኛው ሰፈር ተለይቶ የራሱን እድር ሊያቆም ከወንዙ ዳር ወይራ ሥር ተሰበሰበ። እንደ ወጉ ስብሰባን የሚከፍተው ቄስ ነው፤ ቄሱ ግን ከላይ ሰፈር ተነግሯቸው ኖሮ ታምሜአለሁ ብለው ቀሩ። ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ይተያያል። ሽማግሌ መርቆ ይክፈተው ቢባል ደግሞ ማን ነው ሽማግሌው? ሽማግሌ ያስባላቸው ያው የድሮው እድር ነው። አንዳንዱ ነጠላውን አራግፎ ሊነሣ ሆነ። ልብስ ሰፊው ኑርሁሴን፣ የልብስ ሰፊ ሰፈር ትልቅ ሰው፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኛ ዘንድ ዱዓ ለማድረግ ማንም አይሾምም» አለ።

«ታዲያ አድርጋ» አለች ይታይሽ። «አሜን ማለት እኛም እናውቅበታለን።»

ኑርሁሴን መዳፉን ዘረጋ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አሜን አለ። ስብሰባው ተከፈተ። በማን ፈቃድ እንደተከፈተ እንዳትጠይቁኝ፤ እዚያው ነበርሁ፣ አላውቀውም።

ከዚያ የሠራነውን ስሕተት ለማመን ይከብዳል። ሁሉም ሰው የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ሌላ አያ መኩሪያ እንዳይወጣ። ስለዚህ አለቃ አይኑር ተባለ። ከየመንደሩ አንድ ተወካይ ይሁን፤ ሦስቱም ካልተስማሙ ጡሩምባ አይነፋም፣ ዕቃ አይወጣም። ከሁሉ ይልቅ ያጨበጨብሁት እኔ ነበርሁ። ከእጁ ባመለጥነው ንጉሥ ላይ በር በመዝጋት ብቻ ቤት የሚሠራ መስሎኝ ነበር። ይስማው የሚቀጥለውን ምዕራፍ ገና አላስተማረንም ነበራ። ኋላ ስናነበው እነዚያም የባሕር ማዶዎቹ መጀመሪያ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ሁሉም የየራሱ ጌታ ሆኖ፣ ለማዘዝ የሚችል ሳይኖር፣ ላላ ባለ ክር ተያይዘው ነበር። ያን ቀን እጄን አላወጣሁም። አንገቴን ደፍቼ ሳቅሁ።

የመጀመሪያዋ ሟች የኑርሁሴን እናት ሆኑ፤ እማማ ዘይነብ። ጠዋት አረፉ። እስላም ሬሳ አያሳድርም፤ በሰዓታት ውስጥ ነው የሚቀብረው። የጡሩምባ ነፊው ቃል ለመቀበል ወንዝ ዳር ሄደ፤ ተወካያቸው ንፋ አለው። ልብስ ሰፊ ሰፈር ሄደ፤ ንፋ ተባለ። ጥድ ሥር ሲደርስ ግን ተወካዩ ድንች ሊሸጥ ገሳይ ገበያ ሄዷል። ደንቡ ሦስቱም ይስማሙ ይላል። ነፊው ጡሩምባውን ጭኑ ላይ አድርጎ የሰውየውን ደጅ ሲጠብቅ ዋለ። እኛ ነጠላችንን አዘቅዝቀን መቃብሩ ዘንድ ስንደርስ አፈሩ ተመልሶ፣ ሰው ተበትኖ፣ ኑርሁሴንን ብቻውን ቁጢጥ ብሎ አገኘነው። ቀና ብሎ አየን። አልሰደበንም፤ ቢሰድበን ይሻለን ነበር። ሱቁን ዘግቶ ሰነበተ። ላይኛው ሰፈር ደግሞ ለወሬ ምን ቸገረው፤ ሻይ ቤቷ ውስጥ «የውኃ ቀጂዎች መንግሥት ሬሳ አምልጦት ሲሮጥ ዋለ» ይባል ጀመር። ስሙ ያን ጊዜ ወጣልን። እስከ ዛሬ አለ፤ ስድብ ሆኖ የመጣ ስም ሲሰነብት እንደ ማዕረግ ይሆናል።

አያ መኩሪያ ያስጠሩኝ በዚያው ሰሞን ነው። ቤታቸው ስገባ ተነሥተው ወንበር ሰጡኝ። እኔን የመሰለች ሴት ተነሥተው ተቀብለው አያውቁም፤ ስለዚህ ነገሩ ትልቅ መሆኑን ከወንበሩ አወቅሁ። ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ፤ ስለ እማማ ትርንጎ ደግነት ተናገሩ፤ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነበር። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገቡ።

«አንቺ የተማርሽ ልጅ ነሽ። እነዚያ አንዲት ሬሳ መቅበር አቃታቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ አያ። ድሩን የሚፈትሉት ግን ሴቶች ናቸው።»

ሳቁ። ከልባቸው ነው የሳቁት፤ ያን ጊዜ ልጠላቸው አልቻልሁም። የታችኛውን ሰው አሳምኜ ብመልስ የእድሩ ጸሐፊ እንደሚያደርጉኝ፣ ከአግዳሚው ላይ እንደምቀመጥ፣ ከዚህ በፊት ሴት ተቀምጣበት እንደማታውቅ ነገሩኝ። ጸሐፊነቱ አላማለለኝም ብል ውሸት ነው፤ እስክሪብቶ ለያዘ ሰው ወንበር ያምረዋል። ነገር ግን እሱን ገና በልቤ ሳልመልስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የትርንጎ አርባ ደርሷል። ሁለቱንም ድንኳን እልክልሻለሁ። እኔው ራሴ ቆሜ አስተክላለሁ።»

አርባ ማለት ለኛ ምን እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቀዋል፤ ነፍሲቱ ደጅ ቆማ የምትጠብቅበት ቀን ነው። እማማ ዕድሜ ልካቸውን ውኃ አመላልሰውለት አንድ ቀን ያልተጠለሉበት ድንኳን፣ ሁለት ሆኖ፣ በደጃቸው፣ በዳኛው እጅ። ዓይኔን ጨፍኜ ነጭ ሆኖ ተተክሎ አየሁት። እሺ የሚለው ቃል ከጥርሴ ሥር ነበር። ያዳነኝ ያ የማይለቀኝ አመሌ ነው፤ ነገር ሳይጣራ መተው አልችልም።

«ከተመለስን በኋላ ውኃውን ማን ይቀዳል?» አልኋቸው።

ጥያቄው ገረማቸው። «እሱማ እንደ ድሮው ነው እንጂ» አሉ።

ክፋት አልነበረበትም። ከእኔ ምን እንደወሰዱ ጨርሶ አልገባቸውም፤ ያ ነው የቆረጠልኝ።

«እንግዲያው ድንኳኑ ይቅር።»

«ለሟቿ ነውር ነው፣ አትጠገብ።»

«ነውሩን እኔ እሸከመዋለሁ። አንቱ ይመስገኑ» ብዬ እጅ ነሥቼ ወጣሁ።

ስወጣ አንዲት የጥድ ሥር ሴት አየችኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ሦስቱን መንደር አዳረሰ፤ አትጠገብ ለአክስቷ አርባ ድንኳን ልመና ሄዳ ዳኛው አባረሯት ተባለ። እውነቱን ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር፤ አልተናገርሁትም። ሰዉ በኑርሁሴን እናት ቀብር አፍሮ፣ ልቡ ላልቶ ነበር። ድንኳን ተሰጥቶን ነበር፣ መመለስም ይቻላል ቢባል፣ ግማሹ ለእማማ ክብር ብሎ፣ ግማሹ ለራሱ ሞት ፈርቶ በማግሥቱ አቀበቱን ይወጣ ነበር። ስለዚህ ለማኝ ተባልሁ። የአርባው ዕለት በአራት ቋሚ ላይ ጋቢና አንሶላ ወጥረን ተቀመጥን። የጉናው ነፋስ አንዱን አንሶላ ነጥቆ አጥር ላይ ሰቀለው። የላይኛው ሰፈር ሰው በመንገድ ሲያልፍ ቆም ብሎ ያያል። ይታይሽ ራሷ በሐዘኔታ እያየችኝ፣ «ምነው ለእኔ እንኳ ሳትነግሪኝ ሄድሽ? እንዲህ ራስን ማዋረድ» አለችኝ። ዝም አልሁ። ስለ ራሴ ነገር ዝምታ ልማዴ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረኝም።

ንዴቴን ግን ሥራ ላይ አዋልሁት። እንደገና ወይራው ሥር ተሰበሰብን፤ ኑርሁሴንን ይታይሽ ሄዳ አመጣችው፤ ምን ብላው እንዳመጣችው እስከ ዛሬ አትናገርም። በዚህ ጊዜ አለቃ ይኑር ተባለ፤ ግን ለአንድ ዓመት፤ ጉባኤው ካልወደደውም ከዓመቱ በፊት ይወርዳል። ጡሩምባ ነፊው የሞት ወሬ እንደሰማ ይነፋል፤ ማንንም አያስፈቅድም፤ ሞት አስፈቅዶ አይመጣምና። ማዕድ ሁሉ የጾም ይሁን፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ገበታ እንዲቀምስ። ውኃ በተራ ይቀዳል፤ አለቃውም ተራው ሲደርስ እንስራ ይሸከማል፣ ወንድ ነኝ ብሎ ማምለጥ የለም። ውኃ የቀዳ ይናገራል። ይህን የመጨረሻውን አንቀጽ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ አንዲት ቃል እንዳትነካብኝ ከአራት ወንዶች ጋር ተከራክሬአለሁ። በዚያ ሰሞን ይስማው ባሕር ማዶዎቹ ሁለተኛውን ሕጋቸውን እንዴት እንደጻፉ አስተማረን፤ ሕግ የሚያወጣው ሌላ፣ የሚያስፈጽመው ሌላ፣ የሚፈርደው ሌላ። ውብ ነው አልሁ። ሴቶቹስ የት አሉ ብዬ ጠየቅሁት። ቆይቶ ነው አለኝ። ባሪያዎቹስ? እነሱም ቆይቶ ነው። ባሪያና ሴት ረስተው የጻፉትን ሕግ ዓለም እስከ ዛሬ ያደንቀዋል። እኛ እንስራ ያዘለችውን ሴት በመጀመሪያው ቀን ወንበር ላይ ያስቀመጥንበትን ሕግ ግን ሻይ ቤት ውስጥ ሳቁበት። እኔ የትኛው እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ኑርሁሴን ድንኳኑን ከጆንያና ከአሮጌ የመኪና ሸራ ገጣጥሞ ሰፋው። ቀለሙ የማይስማማ፣ አስቀያሚ ድንኳን ነበር። ዝናብ አያስገባም።

ዘመን አለፈ፤ አያ መኩሪያ ሞቱ፤ ይስማው ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ ሻይ ቤቷ ፈርሳ ባንክ ሆነች፤ ኑርሁሴንም በተራው ጡሩምባው ወዲያው ተነፍቶለት ተቀበረ። አምና የእድራችን አዲሶቹ አመራሮች፣ ደኅና የተማሩ ወጣቶች፣ ከላይኛው ሰፈር እድር ጋር እንዋሐድ የሚል ሐሳብ አመጡ። እነዚያ የፕላስቲክ ወንበር በብዛት አላቸው፤ የድምፅ ማጉያ አላቸው፤ የሬሳ መኪና አላቸው። ውኃውን በተመለከተ ዛሬ ቧንቧ አለ ተባለ። ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ባልመጣበት ቀን ማን እንደሚሸከም ብጠይቅ «ኧረ እማማ፣ እሱ ዝርዝር ነው» አሉኝ። ከአመራሮቹ አንዱ ደግሞ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የመሠረታችሁት ሰዎች ራሳችሁ ድንኳን ልመና ወደዚያ ትሄዱ አልነበር?» አለ። ሕዝቡ አጉረመረመ። ነገሩ ለእሑድ ተቀጠረ። ውጤቱን አስቀድሜ ልናገር፤ አልተዋሐድንም። ግን ያንን አይደለም ልጽፍ የተነሣሁት።

እሑድ ጠዋት ይታይሽ ቤት ሄድሁ። ከመሥራቾቹ በሕይወት የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን። እሷ አዎ ካለች ሰዉ አዎ ይላል፤ እሷ ደግሞ ወደ አዎ ታዘነብል ነበር፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ያረጀ ነገር ይሰለቻታል፣ በመኪና መቀበርም ያምራታል። ምስር እየለቀመች ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ እኔም እየለቀምሁ፣ ድምፄን ሳልለውጥ፣ አያ መኩሪያ ቤት የሆነውን ከወንበሩ ጀምሬ ነገርኋት። ድንኳን ልመና እንዳልሄድሁ፤ ሁለት ድንኳን ተሰጥቶኝ እንደመለስሁ። ውኃውን ማን ይቀዳል ያልኋቸውን፣ እሳቸውም ያሉኝን። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ለእማማ ትርንጎ አርባ? ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

አንድ ጠጠር ከምስሩ ለይታ ጣለች።

«እኔ ብሆን እሺ እላቸው ነበር» አለች። «ይኸው በእግዜር ፊት። እሺ ብዬ፣ ጫማቸውን ስሜ እመጣ ነበር።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያልነገርሁሽ።»

«ለማኝ ሲሉሽ እኔም ብያለሁ። አንድ ቦታ አይደለም።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ሞልቶ ነበር፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። «አንቺ ክፉ» አለች፤ «ይህን የመሰለ ሙሾ ዕድሜ ልክሽን ቀብረሽ ትይዥብኝ?» ሰፌዱን ገፋ አድርጋ እጇን ዘረጋችልኝ፤ ይዤ አነሣኋት። በሩ ላይ ከዘራዋን ስታነሣ ስብሰባው ላይ ምን ልትል እንደሆነ ጠየቅኋት።

«አንቺ ምን አገባሽ» አለች። «አንቺ ዝም ስትይ ኖረሻል። ዛሬም ዝም በይ።»